አምስቱን የማይለቀው ገድሉ

ገድሉ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት የስቱዲዮውን በር ከፍቶ ሲገባ አሮጌው ኮምፒዩተር በጠረጴዛው ላይ አልነበረም። በቦታው ላስቲኩ ገና ያልተላጠ፣ ጥቁርና ቀጭን አዲስ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። ሰፊው ስክሪን ላይም ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ግራጫ ገጽ በርቷል። ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ባለበት ቀረ። የስቱዲዮው ኃላፊ ሪሃብ ከኋላው ቆማ ደስታውን ለማየት ትጠብቅ ነበርና፣ “ጋሽ ገድሉ፣ አልወደዱትም እንዴ?” አለችው።

ጀርባውን ሰጥቷት ስለነበር አልሰማትም። ዞር ሲል ፊቷ መልስ የሚጠብቅ ሰው ፊት ሆኖ አገኘውና፣ ጥሩ ነው ብሎ አሮጌው የት እንደ ሄደ ጠየቃት።

ሪሃብ ሁሉንም በዝርዝር አስረዳችው። ዘፈኖቹን አንድም ሳታስቀር ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጣለች። ኮምፒዩተሩን ግን ሙልጭ አድርጋ አጥፍታ፣ ፎርማት አድርጋ፣ ታች ላለው ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ አድርጋዋለች። አዲሱ ላይ የጫነችው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራሙን የመጨረሻ ቨርዥን ነው፤ ያውም እንደ ድሮው የተገለበጠ ሳይሆን በደንቡ የተገዛ። አንድ ወር ሙሉ ሳትነግረው ስታዘጋጅለት ቆይታለች።

ገድሉ አመሰገናት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ገድሉ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። አባቱ ከሸዋ ተዛውረው የመጡ የግብርና መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው ባሕር ዳር ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሠርግ ባንድ ገብቶ ኪቦርድ መጫወት ጀመረ። ከመራዊ እስከ ወረታ ያልተጫወተበት ድንኳን፣ ያልሞሸረው ሙሽራ የለም ይባላል። አሥራ ሁለት ዓመት ቁመቱን ከሚያክል ስፒከር አጠገብ ቆሞ ኖረ። በኋላ ሙሀመድሰዒድ የሚባሉ ከወረታ የመጡ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ካለው ሱቃቸው ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ሲከፍቱ ዘፈን የሚያቀናብርና ድምፅ የሚያስተካክል ሰው ፈልገው እሱን ወሰዱት። ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን እሳቸው እግራቸውን አሟቸው ቤት ውለዋል፤ ሥራውን የያዘችው ኮምፒዩተር የተማረችው ልጃቸው ሪሃብ ናት።

በከተማው የስቱዲዮ ሰዎች ዘንድ ገድሉ የሚታወቀው “አምስቱን የማይለቀው” በሚል ነው። የሙዚቃ መሥሪያው ሶፍትዌር በየጊዜው አዲስ ቨርዥን ይወጣለታል። ሌላው ሰው ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት እያለ አሥራ አራት ሲደርስ፣ ገድሉ ስቱዲዮው በተከፈተ ሰሞን ከአዲስ አበባ በሲዲ ተገልብጦ ከመጣለት ከአምስተኛው ንቅንቅ አላለም። ለምን ሲሉት መልስ አያጣም። አምስቱ ቀላል ነው፤ ባረጀ ኮምፒዩተር እንኳ ሳይንገጫገጭ ይሄዳል። መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመጣ ካቆመበት ይነሣል። ኢንተርኔት አይለምንም፤ ኔት በጠፋባቸው ወራት ባለ አዲሶቹ ‘ፈቃድዎን ያድሱ’ በሚል ገጽ ፊት ተጎልተው ሲውሉ እሱ ሥራውን ይሠራ ነበር። ደግሞስ እጁ ለምዶታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አዲሱን ሞክረው ወደ አምስቱ የተመለሱም ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ እንዲያውም አምስቱ ድምፁ ይወፍራል፣ ሞቅ ይላል ብሎ ይምላል።

ገድሉ ግን ለማንም ያልነገረው ሌላ ምክንያት ነበረው።

ከስድስት ዓመት በፊት ከደቅ ደሴት የመጣ ዋሽንት ነፊ ሲቀርጽ፣ ዜማው በሄድፎኑ እየተቆራረጠ ደረሰው። ወደ ላይ ሲወጣ ይጠፋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ይመለሳል። ገመዱ ነው ብሎ ገመድ ቀየረ። ማይኩን ቀየረ። በመጨረሻ ሄድፎኑን አውልቆ ሰውየው ፊት ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆመና እስቲ ንፋ አለው። የሰውየው ጣቶች በዋሽንቱ ላይ ይሮጣሉ፣ ቅንድቡ ይነሣል፣ ዜማው ግን ሽቅብ ሲወጣ የውኃ ሽታ ይሆናል። ሰውየው ነፍቶ ሲጨርስ፣ ‘ምነው፣ ተበላሸ?’ በሚል ዓይን አየው። ገድሉ አሪፍ ነው አለው።

ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶለት፣ ሲሰማ እጁን እንዲያነሣ አድርጎ መረመረው። ከዚያ አንድ ወረቀት አሳየው፤ ከግራ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ቁልቁል የሚወርድ መስመር ያለበት። ቀጫጭኑ ድምፅ ከሁለቱም ጆሮው ሄዷል፤ የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የጆሮ መሣሪያ ለወሬ ይረዳው ይሆናል፤ ለሙዚቃ ግን የድሮውን ጆሮ አይመልስለትም። ገድሉ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ቤቱ ገብቶ ምሳውን በላ። ለሚስቱ ለፀሐይወርቅ የነገራት ነገር የለም። ድምፅ የሚያስተካክል ሰው ጆሮው ደከመ ከተባለ ማን ዘፈኑን ይሰጠዋል?

ከዚያ ቀን ወዲያ ነው አምስቱ ለገድሉ ሶፍትዌር መሆኑ ቀርቶ ጆሮ የሆነው። ጆሮው ደኅና በነበረበት ዘመን በዚያው ፕሮግራም የሠራቸውን ከሁለት መቶ በላይ ዘፈኖች አንድ በአንድ እየከፈተ የድምፃቸውን መልክ አጠና። የሴት ቀጭን ድምፅ፣ መጠኑን በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት የት ሲደርስ ደስ እንደሚል፣ የት ሲያልፍ ጆሮ እንደሚወጋ በዓይኑ ያዘው። ‘ሰ’ እና ‘ሸ’ ሲባል የሚያፏጨው ነገር በስክሪኑ ላይ እንደ ጤፍ ማሳ ጥቅጥቅ ብሎ ሲቆም በምን ያህል እንደሚታጨድ በቁጥር ያዘው። ያገኘውን መላ ሁሉ ስም እያወጣለት እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ አስቀመጠ፤ ‘ወንድ ሸካራ’፣ ‘ሴት ቀጭን’፣ ‘ማሲንቆ ቅርብ’፣ ‘ከበሮ ሰፊ’። ዘፋኝ ሲመጣ ከእነዚህ አንዱን ያነሣና በዓይኑ እየለካ ያስተካክላል። የማይሰማውን በትዝታ ይሞላዋል። ሥራውም አልተበላሸም። ሰዎች እንዲያውም የገድሉ ሥራ የድሮ ለዛ አለው ይሉ ጀመር፤ እሱ ግን የድሮውን መድገም እንጂ ሌላ ማድረግ እንደማይችል ያውቅ ነበር።

ሪሃብ ያጠፋችው ይህን ነው። ምን እንዳጠፋች ግን ማን ነግሯት?

በአዲሱ ኮምፒዩተር የመጀመሪያ ሥራው የሊድያ ዘፈን ሆነ። ሊድያ በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ የምትሠራ ሃያ አራት ዓመት የሆናት ልጅ ናት። ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ነው የሠራችው፤ ባቲ ነው፣ በክራርና በከበሮ ብቻ። የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ሐይቁ ዳር በሚገኝ መናፈሻ የወጣቶች ዝግጅት አለና ዘፈኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው እዚያ ነው። እናቷን፣ የመሥሪያ ቤት አለቆቿን፣ የሠፈሯን ሰው ሁሉ ጠርታለች። ድምፅዋ የተቀረጸው ከአንድ ሳምንት በፊት በአሮጌው ኮምፒዩተር ነበር። የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስለሠሩ ከባትሪው መሣሪያ የወጣ ቀጭን ጩኸት ቀረጻው ውስጥ ገብቷል። በአምስቱ ቢሆን ገድሉ እንዲህ ያለውን ነገር ስክሪኑ ላይ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ያየዋል፤ ይዞ ይነቅለዋል።

በአዲሱ ግን መርፌው የት እንዳለ ጠፋው። ቀለሞቹ ተለዋውጠዋል፤ አረንጓዴ የነበረው ሰማያዊ ሆኗል። መለኪያው በሌላ ቁጥር ይቆጥራል። አንዱን መስኮት ሲከፍት ሌላ መስኮት ይደረብበታል። ሪሃብ አጠገቡ ተቀምጣ ልታሳየው ሞከረች። ነገር ግን የምታወራው ወደ ስክሪኑ ዞራ ነው፤ ከንፈሯን አያየውም፤ ከቃሏ ግማሹ እየደረሰው ግማሹ ይቀራል። እሱም “እሺ፣ እሺ” እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ያን ጊዜ ሊነግራት ይችል ነበር። አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። “ገባዎት አይደል?” ስትለው ግን ገብቶኛል አላት።

ሐሙስ ሪሃብ አክስቷ ሞተውባት ወደ ወረታ ሄደች። ገድሉ ለብቻው ቀረ። ዓርብን ሙሉ ሲታገል ውሎ አንድም ነገር አልያዘለትም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ቀጭን ነገር ቆሞ አየና መርፌው ይሄ ነው ብሎ ያዘው። ዝቅ ያደረገው መሰለው። አዲሱ ፕሮግራም ግን አቅጣጫው ሌላ ነበርና ወደ ላይ ነበር የጎተተው። ዘፈኑን በፍላሽ ገልብጦ፣ ባጃጅ ይዞ፣ በዘንባባዎቹ መሀል እየከነፈ ወደ ሐይቁ ወረደ። ማንም ሰው አላዳመጠውም፤ ሊድያም ብትሆን።

ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። የሊድያ እናት አዲስ ነጠላ ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ገድሉ ፍላሹን ለድምፅ ሠራተኛው ሰጥቶ ከአጠገቡ ቆመ። ሊድያ ማይክ ይዛ ወጣች፣ ሰውም አጨበጨበ፣ ዘፈኑም ተለቀቀ።

ለገድሉ ጆሮ ጥሩ ነበር። ክራሩ ከታች ወፈር ብሎ ይመታል። ከበሮው ደረቱን ይነካዋል። የሊድያ ድምፅ ጥጥ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነገር ለስለስ ብሎ ይደርሰዋል። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ አረፍ አለች።

ከዚያ ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት ሕፃን ሁለት እጆቿን ጆሮዋ ላይ ስትጭን አየ። ቀጥላ እናቷ ፊቷን አኮማተረች። ከኋላ ያለው ሰው አንገቱን ሰበረ። ወዲያው በሰልፍ እንደ ተነገራቸው ሁሉ ሰዎቹ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ወሰዱ። የሊድያ እናት በነጠላቸው ራሳቸውን ሸፈኑ። ወንዶች ከወንበራቸው እየተነሡ ወደ ስፒከሩ ያመለክታሉ። ሊድያ መዝፈኗን አቁማ ወደ እሱ ትመለከታለች። ዘፈኑም በገድሉ ጆሮ እንደዚያው ለስልሶ ይሄዳል።

“ምን ሆነ?” አለ ገድሉ።

ድምፅ ሠራተኛው ማሽኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና እንደ እብድ አየው። “አትሰማም እንዴ?” አለው።

ሰው እያፏጨ፣ እየሳቀ ነበር፤ ሊድያ ከመድረኩ ወርዳ እናቷ ጉያ ውስጥ ገብታለች። ገድሉ በወንበሮቹ ጀርባ አልፎ፣ በሐይቁ ዳር ዳሩን ይዞ፣ ደንገሉ እስኪጀምር ድረስ ተራመደ። እዚያ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይነዝራል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ይነዝራል።

ሰኞ ሪሃብ ከለቅሶ ተመልሳ ምን እንደ ተፈጠረ ስትጠይቀው፣ ጥፋቱን በአዲሱ ፕሮግራም ላይ አላከከ። ያበላሸው ፕሮግራሙ ነው፤ የማይረባ ነገር ነው፤ በአሮጌው ቢሆን ይህ አይደርስም ነበር አላት። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። በቅን ልብ የገዛችው ነገር ሰው እንዳዋረደ ሲነገራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሪሃብ ሊድያን ለምና አንድ ሳምንት እንድትታገስ አድርጋታለች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዲያስተካክለው ነገረችው።

በማግስቱ መንገዱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ጠይቆ ወደ መራዊ ሄደ። እዚያ ብሩክ አለ፤ በሠርግ ባንዱ ዘመን ከበሮ ይመታ የነበረ፣ አሁን የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ። ብሩክ ከሱቁ ጓሮ አቧራ የጠጣ ኮምፒዩተር አውጥቶ ቢያበራው አምስቱ ብልጭ ብሎ ተከፈተ። ገድሉ ያንን ገጽ ሲያይ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። ብሩክም እንዲህ አድርጎ ለአሮጌ ቆርቆሮ የሚያዝን ሰው አላየሁም ብሎ ሳቀበት። እሱም ቢሆን የዘፈን ሥራ ሲገጥመው በዚሁ እንደሚሠራ፣ አዲሶቹ ቋንቋቸው እንደማይገባው ነገረው። ዕቃውን ግን ሳይሰስት ሰጠው።

ገድሉ ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደ በሽተኛ ጭኑ ላይ አስተኝቶ በሚኒባስ ተመለሰ። ፍተሻ ላይ አውርደው አስፈቱት። ምንድን ነው ሲሉት የሙዚቃ ነው አለ። አንዱ ፈታሽ ሌላ ነገር ጠየቀው፤ አልሰማውም፤ በደፈናው አዎ አለ። ፈታሹ ቆጣ ሲል ረዳቱ ገብቶ አስረዳለት፤ የተጠየቀው ኮምፒዩተሩ የተሰረቀ ነው ወይ ተብሎ ኖሯል።

የብሩክ አምስት ባዶ አምስት ነበር። ‘ሴት ቀጭን’ የለም፣ ‘ማሲንቆ ቅርብ’ የለም። ገድሉ ሳሎኑ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ የዘፈኖቹን ሃርድ ዲስክ ከሪሃብ ተቀብሎ ቁጥሮቹን ከእጁና ከዓይኑ እየለቀመ እንደገና ሊተክል ተቀመጠ። ፀሐይወርቅ ስታልፍ ስታገድም ታየዋለች፤ ምንም አትለውም። ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ደክሟት ነው። ለነገሩ እነሱ ቤት ወሬ ካነሰ ቆይቷል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሊድያ ዘፈን በስክሪኑ ላይ መልክ ያዘ። መርፌውን አገኘው፣ ነቀለው፣ ቦታው ባዶ ሆነ። በሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ጨረስሁ ይል ነበር። የቅዳሜው ነገር ግን ዓይኑንም አሳጥቶታል። የሚያየውን ማመን አቃተው። እየከፈተ ያያል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፍታል። ምስጢሩን ሳያወጣ የሚጠይቀው ሰው የለም። ልጁ ዜማ ከትምህርት ቤት ስትገባ ሄድፎኑን አነሣና እስቲ ይቺን ስሚልኝ አላት።

ዜማ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ቆማ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና ሄድፎኑን አወለቀች።

“ያምራል አባዬ። ግን ይቺ ጢን የምትለው ምንድን ናት?”

“የቷ?”

“ይቺ ናታ። ከመጀመሪያው ጀምራ አለች።” ከንፈሯን አሞጥሙጣ በፉጨት ልታሳየው ሞከረች። ገድሉ የልጁ ጉንጭ ሲነፋ አየ፤ ትንፋሿም ፊቱን ነካው። ከዚያ ሌላ የደረሰው ነገር የለም። “አትሰማህም እንዴ?” አለችው።

ጩኸቱ ሁለት ቦታ ነበር ማለት ነው። አንዱን ነቅሎ አንዱን ትቷል። ገድሉ ይህን ሲረዳ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አደረገና ግንባሩን ጣለበት። ዜማ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ሮጣ ወጥታ እናቷን በር ላይ አገኘቻት።

ፀሐይወርቅ ልጅቱን ጎረቤት ላከቻትና ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነገራት። ከዋሽንቱ ጀምሮ፣ ሐኪሙን፣ ወረቀቱን፣ በዓይን መሥራቱን፣ የሐይቁን ዳር ነገር፣ ለሪሃብ የዋሸውን ሁሉ ነገራት። ሲጀምር ታዝንለታለች ብሎ ነበር። ፊቷ ግን እየጠቆረ ሄደ።

“ስድስት ዓመት ሙሉ የጠላኸኝ ነበር የመሰለኝ” አለች ሲጨርስ።

ገድሉ ቀና አለ።

“ከጓዳ ሆኜ ስጠራህ ዝም ትላለህ። አጠገብህ ተቀምጬ ሳወራ ዞር ብለህ አታየኝም። እናቴ የሞተች ሰሞን ጀርባህን ሰጥተኸኝ ተኝተህ ስንት ነገር ነገርሁህ፤ አንዲት ቃል አልመለስህልኝም። ሰለቸሁት አልሁ። መናገሬን ተውሁት።”

ተኝታለች ብሎ አስቦ እንደነበር ሊነግራት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

“ለዚህ ቆርቆሮ” አለች ኮምፒዩተሩን በአገጯ እያሳየችው፣ “ለዚህ ያመንኸውን ለእኔ አላመንኸኝም።” ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ገድሉ ተከትሏት ሊሄድ ብድግ አለና መልሶ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ማለዳ ስቱዲዮ ሄዶ ለሪሃብ ተናገረ። ይህኛው አጭር ነበር፤ ትናንት ከተናገረው በኋላ ቃሉ ቀሎታል። አዲሱ ፕሮግራም ምንም እንዳላጠፋ፣ ያጠፋው እሱ መሆኑን፣ ስለዋሻትም ይቅርታ እንድታደርግለት ነገራት። ሪሃብ መጀመሪያ የያዛት ድንጋጤ ነው። ኮምፒዩተሩን ፎርማት ያደረገችበትን ቀን አስታውሳ አፏን በእጇ ያዘች። ቢነግሩኝ ኖሮ አለች፤ ደጋግማ ቢነግሩኝ ኖሮ አለች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ የሚባለውን አለች፤ ነጋዴ ቤት ያደገች ልጅ ናት። ሊድያ ሳምንቱን ሳትጠብቅ ዘፈኗን ሌላ ሰው እንዲሠራላት ወስናለች፤ ገድሉንም ማየት አትፈልግም። ከእንግዲህ በድምፅ ማስተካከሉ ሥራ ሪሃብም ልታስቀምጠው አትችልም። አባቷም ቢሆኑ ከዚህ ሌላ አይሉም።

ገድሉ ይህን ጠብቆ ነበር የመጣው።

ሪሃብ ግን ሌላ ነገር አነሣች። የድሮዎቹን ዘፈኖች በአዲሱ ከፍታ ስታያቸው ግማሽ አካላቸው የለም፤ የአንዱ ከበሮ ይጠፋል፣ የሌላው ማሲንቆ ዝም ይላል። ደኅና አድርጎ የሚከፍታቸው አምስቱ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ዘፈን በአምስቱ ከፍቶ፣ ክራሩን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ አድርጎ ማውጣት አለበት። ዘፋኞቹ አንዳንዶቹ ሞተዋል፤ አንዳንዶቹ የት እንዳሉ አይታወቅም፤ ከዚያ ሃርድ ዲስክ ሌላ የሉም። በግማሽ ደመወዝ እሱ ይሥራው።

“ለዚህ ጆሮ አያስፈልግም” አለች፤ ወዲያው ተጸጽታ ፊቷ ቀላ።

“ልክ ነሽ፣ አያስፈልግም” አላት። “ሲያልቅስ?”

“አላውቅም፣ ጋሽ ገድሉ። እውነቱን ልንገርዎት፣ አላውቅም።”

የብሩክን ኮምፒዩተር ከሱቁ ኋላ ባለችው የዕቃ ክፍል አስገቡለት። በካርቶንና በቴሌቪዥን ሳጥን መሀል ጠዋት ይገባል፣ ማታ ይወጣል። በወጣትነቱ የሠራቸውን ዘፈኖች አንድ በአንድ ይከፍታል። በስክሪኑ ላይ ሲያልፉ ያያቸዋል፤ ይቺ ላይ ዘፋኙ ሳል ይዞት ነበር፣ እዚህች ላይ መብራት ጠፍቶ ሦስት ጊዜ ደግመናል እያለ። ስፒከር አላስገባም። እስካሁን ሰማንያ ያህሉን ጨርሷል። የሊድያ ዘፈን ከሌላ ስቱዲዮ ወጥቶ ሰው ወዶታል፤ ባጃጆች ከፍተውት ሲያልፉ ከበሮውን ያውቀዋል።

የስቱዲዮ ሰዎች ነገሩን ሰምተዋል። ፊት ለፊት የሚያነሣበት የለም፤ አምስቱን የማይለቀው ማለታቸውን ግን ትተዋል። አሁን ሲያገኙት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደኅና አደርህ ይሉታል።

ፀሐይወርቅ የጆሮ መሣሪያውን ነገር ራሷ ሐኪም ቤት ሄዳ ጠይቃ ተራ አስይዛለታለች። ስታናግረው ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ከንፈሯን እያሳየች ነው። የምትናገረው ግን አጭር ነው። ምሳህ ቀርቧል። በሩን ዝጋው። ዜማ ራሷን አሟታል። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ለጀርባው የነገረችውን እንደገና አልነገረችውም፤ እሱም ገና አልጠየቃትም።